ሥዕል ያለባቸውን የብራና መጻሕፍት በምን እንመዝግብ? ደብተር፣ ኤክሴል፣ ኮሃ፣ ኦሜካ ወይስ ቲኢአይ

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ነን። ቄሰ ገበዙ አንድ ተአምረ ማርያም ከማኅደሩ አወጡና ገበታውን (የእንጨት ሽፋኑን) ወደኛ አዙረው "እስቲ ንገሩኝ ልጆቼ፣ የዚህ መጽሐፍ ቁጥሩ ስንት ነው?" አሉን። ገበታው ላይ በነጭ ቀለም 14 ተጽፏል። ጥጉ ላይ የተላጠ ወረቀት ተለጥፎ 037 ይላል። ውስጡ የመጀመሪያው ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ (በእስክሪብቶ! ብራና ላይ!) 6 ተብሎ ተከቧል። ሦስቱንም የሰጡት በተለያየ ጊዜ ሊመዘግቡ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱም ዝርዝራቸውን ይዘው ሄደዋል፣ ደብሩ ጋ የቀረ አንድ ወረቀት እንኳ የለም። እኛ አራተኞቹ ነበርን።

ይሄን የምጽፈው ከዛ ወዲህ "በምን ሶፍትዌር እንመዝግብ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። ከሰበካ ጉባኤ የሚደውል አለ፣ ከወረዳ ባህልና ቱሪዝም የሚደውል አለ፣ የአያቱን ኪታቦች በሳጥን ይዞ ግራ የገባው የሼህ ልጅም አለ። አንዱ ዩቲዩብ አይቶ ይመጣና "ኦሜካ ነው አሉ የሚሻለው" ይለኛል፣ ሌላው "አይ ኮሃ ነው" ይላል። እኔ የተማርኩት ላይብረሪ ሳይንስ ነው፣ የግዕዝ ሊቅም የሥዕል ምሁርም አይደለሁም፣ ግን አምስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱ ላይ በደንብ ከስሬያለሁ፣ ስለዚ የቱ ለማን እንደሚሆን ብናገር የሚያምርብኝ ይመስለኛል።

## ሥዕል ሲኖርበት ምን ይለያል

ሥዕል የሌለው ዳዊት ከሆነ ምዝገባው ቀላል ነው። ርዕስ፣ የቅጠል ብዛት፣ ቁመትና ወርድ፣ ስንት ዐምድ፣ ጸሐፊው ስሙን ጽፎ ከሆነ ስሙ፣ በቃ። ሥዕል ሲገባበት ግን ሥዕሉ ከመጽሐፉ የተለየ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ባዶ የቀሩ ቅጠሎች ላይ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተሣለ አለ፣ ከሌላ መጽሐፍ ተነቅሎ መጥቶ የተሰፋ አለ፣ ሥዕሉ ግርጌ የነበረው የአሠሪው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባበትም አለ። "የ15ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል፣ ሥዕል አለው" ብሎ የሚዘጋ መዝገብ የሦስት ዘመን ታሪክ አንድ ላይ ጨፍልቆ አስቀመጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ደስ አይልም፣ ሥዕል ተቆርጦ ይሸጣል። ሙሉ መጽሐፍ ይዞ መውጣት ከባድ ነው፣ አንድ ቅጠል ግን ጋቢ ውስጥ ይገባል። መዝገቡ "ሥዕሎች አሉት" ብቻ የሚል ከሆነ አንዱ ሲጎድል በምን ይታወቃል? ስንተኛው ቅጠል ላይ፣ ፊቱ ላይ ነው ጀርባው ላይ፣ ምን ተሥሏል፣ የቱ ጥግ ተቀዷል፣ የቱ ጋ ሰም ነጥቦበታል ካላለ ፖሊስ ጋ ሄዶ የሚነገር ነገር የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያየ ወለዬ ይሄን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ስለዚ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፣ እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ መስመር ይኑረው። ከዚህ በኋላ የማነሳው ሁሉ በዚህ ዓይን ነው።

## በምን እንመዝናቸው

ከዋጋ አትጀምሩ፣ አብዛኞቹ ነፃ ናቸው፣ የሚያስከፍላችሁ ሌላ ነገር ነው። እኔ የማያቸው እነዚህን ነው፦

አንድ መጽሐፍ ሥር 20 ሥዕል ቢኖር 20ውን ለየብቻ መያዝ ይችላል ወይ? ያለ ኔትና መብራት ሲቆራረጥ ይሠራል ወይ? የግዕዝ ፊደል፣ የወሎ ነገር ስለሆነ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ዐረብኛና ዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የሚጻፍ የአገር ቋንቋ) ያለ ችግር ይገባበታል ወይ? የጀመረው ልጅ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ሲሄድ ማን ያስቀጥለዋል? ሲስተሙ ቢሞት ዳታው ይወጣል ወይ? ቄሰ ገበዙ "ይሄ ለሰው አይታይ" ያሉትን መደበቅ ይቻላል ወይ?

አራተኛውን አስምሩበት። እኔ ያየሁት ፕሮጀክት ሁሉ የሞተው በሶፍትዌር ችግር ሳይሆን ልጁ ስለሄደ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ፈልጉ

ምናልባት መጽሐፋችሁ ቀድሞ ተመዝግቦ ይሆናል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ ነበር፣ ኢኤምኤምኤል የሚባለው ነው፣ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ የሂል ሙዚየምና የብራና ላይብረሪ ውስጥ አለ። ካታሎጉን ዊልያም ማኮምበርና የኛው ጌታቸው ኃይሌ ሠርተውታል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያሠሩት፣ እዛ ውስጥ ቁጥሩ 1832 ነው። ለሥዕል ለብቻው ደግሞ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ "መዝገበ ሥዕላት" የሚባል የፎቶ ክምችት አለ። የደብራችሁን ስም በተለያየ አጻጻፍ እያደረጋችሁ ፈልጉ። ከተገኘ የድሮው ፎቶ ወርቅ ነው፣ ያኔ የነበረና አሁን የሌለ ቅጠል ካለ ያሳያችኋል።

## ደብተር

የምትስቁ ትኖራላችሁ። ግን በአገራችን ከሁሉም የቆየው ካታሎግ ይሄ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ርስትና ንብረት ወንጌል ዘወርቅ ላይ ይጻፍ ነበር፣ ያ ከላይ ያልኳችሁ የሐይቅ ወንጌልም አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። ቁም ነገሩ ዝርዝሩ እዛው ከንብረቱ ጋ መኖሩ ነው፣ ማንም ላፕቶፕ ውስጥ ይዞት አልሄደም።

ጠንካራ ጥራዝ ያለው ትልቅ መዝገብ፣ የገጽ ቁጥር ቀድሞ የተጻፈበት፣ ሁለት ቅጂ። አንዱ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ወረዳ ቤተ ክህነት። መብራት አይፈልግም፣ ቫይረስ አይበላውም፣ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ያነቡታል፣ ይፈርሙበታል። ፊርማ ስላለበት ደግሞ የርክክብ ማስረጃ ነው፣ ገበዝ ሲቀየር መጽሐፍ በመጽሐፍ እየታየ የሚተላለፈው በሱ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፣ "ጊዮርጊስ የተሣለባቸውን ሁሉ አውጣልኝ" ብትሉት አያወጣም፣ ፎቶም አይገባበትም። አንድ ገጽ ተሳስቶ ሲደለዝም ምን እንደነበረ አይታወቅም። ቢሆንም ሌላ ምንም ብትመርጡ ደብተሩን አትተዉት።

## ኤክሴል

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምለው ይሄን ነው፣ ግን በሁለት ሺት። አንደኛው ሺት መጽሐፍ በመስመር፣ ሁለተኛው ሥዕል በመስመር፣ የሚያገናኛቸው የመጽሐፉ ቁጥር ነው። መጽሐፉ 008 ከሆነ ሥዕሎቹ 008-ሥ1፣ 008-ሥ2 እያሉ ይሄዳሉ፣ የፎቶውም ፋይል ስም ያው። አንድ ፕሮጀክት በጥሩ ካሜራ አንስቶ ለአንድ ደብር ሃርድ ዲስክ ሰጥቶ ሄዶ ነበር፣ ከፍተን ስናየው ሁሉም ፎቶ ካሜራው የሰጠው ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ የቱ ፎቶ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ለመለየት አንድ ሳምንት ፈጀብን።

የኤክሴልን ተንኮል ግን እወቁ። ቅጠል 3-5 ብላችሁ ስትጽፉ ቀን መስሎት ወደ ማርች 5 ይቀይርላችኋል፣ ስለዚ ዐምዱን መጀመሪያ ቴክስት አድርጉት። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ አንዱን ዐምድ ብቻ መርጬ ሶርት አደረግኩት፣ ሥዕሎቹ በሙሉ ወደማይመለከታቸው መጽሐፍ ዘለሉ፣ ሴቭም አድርጌዋለሁ። የስንክሳሩ ሥዕሎች ዳዊቱ ላይ፣ የዳዊቱ ድርሳነ ሚካኤሉ ላይ። ያዳነን ደብተሩ ነው።

ፊደልም አለ። አንዱ ሥዕል፣ አንዱ ስዕል፣ አንዱ ሥእል ብሎ ይጽፋል፣ ስትፈልጉ አንዱን ብቻ ያገኛል። መድኃኒቱ መጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ በአንድ ዐምድ መጻፍ፣ ከጎኑ "መፈለጊያ" የሚል ዐምድ ከፍቶ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማዞር ነው። ሰብስቲትዩት በሚለው ፎርሙላ በራሱ ይሠራል። የምትጽፉት ደግሞ በዩኒኮድ ይሁን፣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ዝርዝር ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው የሚሆነው።

ጎግል ሺት ይሻላል የሚል አለ። ለብዙ ሰው አብሮ ለመሥራት ጥሩ ነው፣ ኔት ካለ። ግን ሼር ሊንኩን ማን ጋ እንደደረሰ አታውቁም፣ የዕቃ ቤቱን ሀብት ዝርዝር ደግሞ እንዲህ መበተን አይገባም።

## ኮሃ

ከኒውዚላንድ የመጣ ነፃ የላይብረሪ ሲስተም ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ማርክ በሚባለው የካታሎግ ሥርዓት ነው የሚሠራው፣ ርዕስ 245 ላይ፣ የባለቤትነት ታሪክ 561 ላይ፣ ስለ ጥራዙና ሽፋኑ 563 ላይ። ስለዚ የብራና መጽሐፍ ጭራሽ አይገባበትም ማለት አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ የማውቀው እሱን ስለሆነ በሱ ነው የጀመርኩት።

የከሰርኩትም እዛው ላይ ነው። የአንድ ወንጌል 18 ሥዕሎች የት ላስቀምጣቸው? ሁሉም ማስታወሻ ውስጥ ገብተው አንድ ረጅም አንቀጽ ሆኑ። ሥዕል ለሥዕል መለየት የለም፣ ፎቶን ከሥዕሉ ጋ ማያያዝ አስቸጋሪ ነው። ኮሃ የተሠራው የታተመ መጽሐፍ ለማዋስ ነው፣ እና ጨርሼ ስከፍተው ያ የተከበረ ወንጌል ሥር "ለውሰት ዝግጁ" የሚል በአረንጓዴ ተጽፎ አገኘሁት። መሪጌታ አይተው "ማን ነው የሚዋሰው?" ብለው እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ኮሃ የሚሆነው ላይብረሪው ቀድሞ ኮሃ ካለውና ከሺህ የታተሙ መጻሕፍት መሀል ጥቂት ብራና ካለ ነው። መጽሐፉ እንዳለ በአጭሩ ይመዝገብ፣ ዝርዝሩ ሌላ ቦታ ይሁን።

## ኦሜካና መሰሎቹ

ኦሜካ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ለኤግዚቢሽን የሚያምር። እያንዳንዱ ሥዕል አንድ አይተም ይሆናል፣ ከነፎቶው፣ የዕቃው መግለጫም ደብሊን ኮር በሚባለው የመግለጫ ሥርዓት 15 መሠረታዊ መስኮች ይሞላል። ለሥዕል በጣም ይመቻል፣ ይሄን አልክድም። የሙዚየም ሥራ የለመደ ደግሞ ኮሌክቲቭአክሰስን ይመርጣል፣ መጽሐፍና ሥዕልን እንደ እናትና ልጅ ያያይዛል፣ ግን አዋቅሮ ለማስነሳት ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሙሉ ጊዜውን ይፈልጋል።

ችግሩ ሰርቨር ነው። ሆስቲንጉ በዓመት የሚከፈል ነው፣ በዶላር፣ በካርድ። አንድ የማውቀው ስብስብ ድረ ገጹ ተመርቆ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ በሁለተኛው ዓመት ክፍያው ሲደርስ ካርዱ የነበረው ሰው ውጭ ሄዷል፣ ገጹ ጠፋ፣ ባክአፑም እሱ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ተባለ። በዚህ መንገድ ከመሥራት ላፕቶፕ ላይ ብቻ ጭኖ፣ ያለ ኔት፣ ዕቃ ቤት አካባቢ መጠቀም ይሻላል።

ሌላው የመደበቅ ጉዳይ ነው። ያማረ ፎቶ፣ ከጎኑ የደብሩ ስም፣ የቀበሌው ስም፣ "በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይገኛል"። ይሄ ለሌባ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ለሕዝብ የሚወጣው ላይ ቦታው በወረዳ ደረጃ ይቁም፣ ከሥዕሎቹም ጥቂት ብቻ ይውጡ፣ ፈቃዱም የደብሩ ይሁን።

## ቲኢአይ

ይሄ የምሁራኑ ነው። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው "ቤተ መጻሕፍት" ፕሮጀክት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያና የኤርትራን ብራና የሚመዘግበው በዚህ ነው። ኤክስኤምኤል ፋይል ነው፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ ሆኖ እያንዳንዱ ነገር መለያ ይደረግበታል፤ ይዘቱ ለብቻ፣ አካሉ ለብቻ፣ ሥዕሉና ሐረጉ (በገጹ ራስና ዳር የሚሣለው ጌጥ) ለብቻ፣ ታሪኩ ለብቻ። ከጥልቀት አንፃር የሚደርስበት የለም፣ ሥዕሉ ከነጽሑፉ፣ ከነቅጠሉ፣ ከነሠዓሊው ይገባል። ተራ ጽሑፍ ስለሆነም ከ30 ዓመት በኋላ በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል።

ግን አንድ ምልክት ሲረሳ ፋይሉ በሙሉ ቀይ ይሆናል። የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወስጄ አንድ ድርሳን ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀብኝ፣ በኤክሴል ግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ካላችሁ፣ ግዕዝ የሚያነብ ተማሪ ካላችሁ፣ እሺ። አለበለዚያ ኤክሴሉን በደንብ ሙሉት፣ ነገ የሚመጣ ምሁር ከሱ ወደ ቲኢአይ ይቀይረዋል። የተሟላ ኤክሴል ወደ ቲኢአይ ይሄዳል፣ ያልተጀመረ ቲኢአይ ግን የትም አይሄድም።

## ሥዕሉን በምን ቃል እንግለጸው

ሶፍትዌሩን ሁሉም ይጠይቀኛል፣ ይሄን ግን ማንም አይጠይቀኝም፣ ዋናው ሥራ ደግሞ እዚህ ነው።

እንበልና ቅጠል 12 ጀርባ ላይ ፈረሰኛ ቅዱስ አለ። መዝጋቢው በደመ ነፍስ "ቅዱስ ጊዮርጊስ" ብሎ ያልፋል። ቆይ። ከፈረሱ ሥር ዘንዶ ካለ፣ ጥግ ላይ ብሩታዊት ካለች፣ ፈረሱም ነጭ ከሆነ፣ አዎ ጊዮርጊስ ነው። ከሥር ዘውድ የጫነ ንጉሥ በጦር ተወግቶ ከወደቀና ፈረሱ ጥቁር ከሆነ ግን መርቆሬዎስ ነው፣ የወደቀውም ዑልያኖስ። ቴዎድሮስም በፈረስ ነው፣ እባብም ይወጋል። ስለዚ መጀመሪያ የምታዩትን ጻፉ፦ ፈረስ፣ ቀለሙ፣ ከሥሩ ያለው፣ ስንት ሰው፣ የተጎዳ ቦታ። ከዛ በሌላ ዐምድ ማን ነው ብላችሁ እንደምታስቡ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ማረም አይቻልም።

ከዛ ጽሑፉ። በሥዕል ላይ ያለው ግዕዝ ብዙ ጊዜ "ሥዕለ..." ወይም "ዘከመ..." ብሎ ይጀምራል፣ ሳታርሙ፣ ስህተቱንም ጨምሮ እንዳለ ቅዱት። እመቤታችን እግር ሥር የተደፋ ሰው ካለና "ተማኅፀነ" የሚል ካለ ያ ያሠራው ሰው ነው፣ ስሙ ከተፋቀ "ተፍቋል" በሉ። ዓይንም ተመልከቱ፣ በልማዱ ደግ ሰው ሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላል፣ አንዱ ከሁሉም ተለይቶ በጎን ከተሣለ አይሁዳዊ አሳዳጅ ወይ ሰይጣን ወይ ከሃዲ ንጉሥ ሊሆን ይችላል።

ለቃሉ ሦስት መንገድ አለ። በነፃ መጻፍ ፈጣን ነው ግን አንዱ "ስቅለት"፣ አንዱ "ጌታ ሲሰቀል" ይለዋል። ሁለተኛው የራሳችሁን የቃል ዝርዝር ማውጣት ነው፣ ስቅለት፣ ምሥለ ፍቁር ወልዳ፣ ኩርዓተ ርእሱ፣ ሥላሴ እያላችሁ፣ መሪጌታው ቁጭ ብሎ ያጸድቀውና ከዛ ውጭ አይጻፍም። ሦስተኛው አይኮንክላስ ነው፣ ከሆላንድ የመጣ የሥዕል ርዕስ ቁጥር፣ ስቅለት 73ዲ6 ሲሆን ቅዱሳን 11ኤች ሥር ናቸው። የኛ ቅዱሳን በብዛት የሉበትም፣ ግን ስማቸውን በቅንፍ ማስገባት ይፈቅዳል፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከነአንበሳና ነብራቸው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከነስድስት ክንፋቸው ይገባሉ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፣ ጊዜ ሲኖር ቁጥሩን በጎን መጨመር።

ሐረግን አትርሱ። ሰው ስለሌለበት ብዙ መዝጋቢ ይዘለዋል፣ ግን ዘመን ለመለየት አንዳንዴ ከሰው ሥዕል ይበልጣል።

## ዘመኑ

የተጻፈውን ዓመት ቶሎ አትቀይሩት። ዓመተ ዓለም ከሆነ 5500 ሲቀነስ ወደ ዓመተ ምሕረት ይመጣል፣ ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ይደመራል። በድሮ መጽሐፍ "ዓመተ ምሕረት" የሚለው ራሱ በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ውስጥ የሚቆጠር ሊሆን ስለሚችል እንዳያታልላችሁ። አንድ ዐምድ እንደተጻፈው፣ አንድ ዐምድ ሲቆጠር፣ አንድ ዐምድ ማን እንደቆጠረው። የሥዕሉ ዘመን ደግሞ ከጽሑፉ ተለይቶ።

## የሼሆቹ ኪታቦች

ወሎ ውስጥ ስለ ብራና ብቻ አውርቶ መሄድ ነውር ነው። በየሼሁ ቤትና በየሐድራው ያሉት በወረቀት ናቸው፣ ሰው አይሣልባቸውም፣ ጌጡ በቀለም የተሠራ ክፈፍና ሐረግ፣ የሱራ ርዕስ፣ በቀይና በጥቁር የተከበበ ጽሑፍ ነው። ይሄም እንደ ሥዕል የራሱ መስመር ይገባዋል።

ለነሱ ሁለት ዐምድ ጨምሩ። ቋንቋና ፊደል ይለያዩ፣ ምክንያቱም የሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን መንዙማ የመሰለ ነገር ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ "ዐረብኛ" ብሎ የመዘገበ ሰው ቀበረው ማለት ነው። በገጹ ግርጌ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ተጽፎ ይገኛል፣ እሱን እየተከተላችሁ የጎደለ ቅጠል ታገኛላችሁ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱ ሦስት ጨረቃ የመሰለ ምልክት ከታየ ከአውሮፓ የመጣ ወረቀት ነው፣ ፎቶ አንሱት፣ ለዘመን ይጠቅማል።

## ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ሥዕል ለሥዕል | ያለ ኔት | ግዕዝና ዐረብኛ | የሚያስወጣው | ሰው ሲቀየር |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብተር | ይቻላል፣ ፎቶ የለም | አዎ | በእጅ የፈለጉትን | ወረቀትና ጊዜ | ይቀጥላል |
| ኤክሴል፣ 2 ሺት | አዎ | አዎ | አዎ፣ መፈለጊያ ዐምድ ይጨመር | ላፕቶፕ | ብዙ ሰው ያውቀዋል |
| ኮሃ | አይመችም | ሰርቨር ካለ | አዎ | ሰርቨርና ባለሙያ | ላይብረሪያን ካለ |
| ኦሜካ | በጣም ጥሩ | ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ | አዎ | ሆስቲንግ በዶላር | ይጠፋል፣ ካልተጠነቀቁ |
| ኮሌክቲቭአክሰስ | በጣም ጥሩ | ሰርቨር ካለ | አዎ | ባለሙያ | ከባድ |
| ቲኢአይ | ከሁሉም ጥልቅ | አዎ | አዎ | ሥልጠና | ዩኒቨርሲቲ ካለ |

## እናንተ ጋ የቱ ይሆናል

ስልሳ ሰባ መጽሐፍ ያለው ደብር፣ በጀት የሌለው፣ አንድ ዲያቆን ላፕቶፕ ያለው፦ ደብተርና ኤክሴል፣ ፎቶ በስልክ። ስልኩ ይበቃል፣ ፍላሽ አይበራ፣ በመስኮት ብርሃን ጥላ ሳያርፍበት፣ ከጎኑ ማስመሪያ ይቀመጥ፣ መጽሐፉ በግድ ተዘርግቶ ጀርባው እንዳይሰነጠቅ።

የሼህ ቤተሰብ ስብስብ ሲሆን ኤክሴል ብቻውን ይበቃል፣ ቅጂው በሁለት ፍላሽ በሁለት ወንድም ቤት።

ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ብዙ ደብር የሚዞር ከሆነ አንድ ዓይነት የኤክሴል ፎርም ለሁሉም፣ የቃል ዝርዝሩም አንድ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ስለሚል ፎርም መምጣቱ አይቀርም፣ የሱ ጥያቄዎች ከወዲሁ ዐምድ ይሁኑ። ከሌብነት አንፃር ደግሞ ኦብጀክት አይዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር አለ፣ ዓይነቱ፣ ልኩ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ጽሑፉ፣ መለያ ጉዳቱ፣ ፎቶው። ቢያንስ እሱን አሟሉ።

ሙዚየም ወይ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ፣ ቋሚ የአይቲ ሰው ካላችሁ፣ ኮሌክቲቭአክሰስ ወይ በውስጥ ኔትወርክ የተጫነ ኦሜካ። የግዕዝ ትምህርት ክፍል ካላችሁ ደግሞ ቲኢአይ ጀምሩ፣ በአሥር መጽሐፍ።

## የድሮ ቁጥር አይጥፋ

የቱንም ብትመርጡ ይሄ አይለወጥም። መቅደላ የኛው ወሎ ነው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከዛ የተዘረፈው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተባለ፣ ከመጻሕፍቱ 350 ገደማ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ካታሎጉን ሲያወጣ የራሱን ተራ ቁጥር ሰጠ፣ የሙዚየሙንም ቁጥር ከጎኑ ጻፈ። ሰውየውን ባንወድለትም፣ በዚህ በኩል ሥራውን ያውቃል፣ እስከ ዛሬ በሁለቱም መፈለግ ይቻላል።

አዲስ ቁጥር ስትሰጡ ብራናው ላይ አትጻፉ፣ ገበታው ላይም አትለጥፉ። በጥጥ ክር የተንጠለጠለ ካርቶን ማኅደሩ ላይ ይታሰር፣ ብራናው ላይ የግድ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ጥግ ላይ፣ በትንሹ። ያቺ ተአምረ ማርያም አሁን መዝገቡ ላይ እንዲህ ነው ያለችው፦

ቁጥር 008። የድሮ ቁጥሮች፦ 14 (ነጭ ቀለም፣ የፊት ገበታ)፣ 037 (ወረቀት)፣ 6 (ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የመጀመሪያ ቅጠል)። ተአምረ ማርያም፣ ግዕዝ፣ ብራና፣ ባለ ሁለት ዐምድ። 008-ሥ1፣ ቅጠል 2 ጀርባ፣ ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ ሁለት መላእክት ሰይፍ ይዘው፣ ታች ግራ የሰም ነጠብጣብ፣ ከሥር የተደፋ ሰው፣ ስሙ ተፍቋል። 008-ሥ2፣ ቅጠል 9 ፊት፣ ፈረሰኛ፣ ነጭ ፈረስ፣ ዘንዶ። ከቅጠል 41 ቀጥሎ ተቆርጦ የቀረ የብራና ጠርዝ፣ ጣት የሚያህል፣ ጥጉ ላይ ቀይና ቢጫ ቀለም ይታያል።

ቄሰ ገበዙ ያቺን ጠርዝ በጣታቸው እየነኩ "እኔ ስረከብ እንዲህ ነበረች" አሉ። ከሳቸው በፊት የነበሩት አርፈዋል። የ037 ዝርዝር እዛው ዕቃ ቤት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያኔ ቅጠሉ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን እናውቅ ነበር።